ከያዮ ደን እስከ ጎሬ ኮረብታ፦ የራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ዘመን በኢሉባቦር

ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በጦር አለቅነት ተነሥተው አገር ገዥ የሆኑ፣ በመጨረሻም የዘውዱ ባለሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ለመባል የበቁ የዐፄ ምኒልክ ሹም ነበሩ። የግዛታቸው መቀመጫ ጎሬ ሲሆን ሥልጣናቸው ከያዮ ደን ጀምሮ እስከ ባሮ ቆላ ይዘረጋ ነበር። ሕይወታቸውን ለመረዳት መዛግብት ብቻ አይበቁም፤ አገሩን ማየት ያስፈልጋል። ከበደሌ ወደ ምዕራብ በያዮ፣ በሁሩሙና በመቱ አልፎ ጎሬ የሚያደርሰው መንገድ ወታደር ምን እየበላ አገር እንደያዘ፣ ያገኘውንስ አገር በምን እንዳቆየው ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

በጦር ሜዳ ስም ያተረፈ ሰው አገር ሲሾም የሚገጥመው የመጀመሪያ ፈተና ውጊያ አይደለም፤ ያስከተለውን ሠራዊት ማን ይቀልበዋል የሚለው ጥያቄ ነው። የኢሉባቦር የያኔው አስተዳደር፣ የከተሞቹ አቀማመጥ፣ የገባሩ ሸክም፣ የቡናው ንግድ፣ የነጭ ዓባዩ ዘመቻ መሳካትና መክሸፍ ሁሉ ወደዚህ ጥያቄ ይመለሳል።

የያዮ መንገድ

ከአዲስ አበባ መቱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጅማው መንገድ በአጋሮ በኩል ወደ በደሌ ይወጣል፤ ከበደሌ ወዲያ መልክዓ ምድሩ ይለወጣል። ሜዳው እየጠበበ፣ ሸለቆው እየጠለቀ፣ አረንጓዴው እየጠቆረ ይሄዳል። ያዮ የተቀመጠችው በዚህ የሸለቆና የደን አገር ነው። ከከተማዋ በታች የገባ ወንዝ በደን ተሸፍኖ ይወርዳል። ገባ ከብርብር ጋር ሲገናኝ ባሮ ይባላል፤ ባሮ ሶባትን ይመግባል፤ ሶባትም ነጭ ዓባይ ይገባል። የያዮ ዝናብ የሚሄድበትን አቅጣጫ የተከተለ መንገደኛ ወደ ሱዳን ይደርሳል ማለት ነው። ተሰማ ናደውም በ1890 ዓ.ም. ሠራዊታቸውን ያዘመቱት በዚሁ የውኃ አቅጣጫ ነበር።

የያዮ ደን የጫካ ቡና ከሚበቅልባቸው የመጨረሻ ሰፋፊ ደኖች አንዱ ነው። ከላይ ቀረሮ፣ ዋንዛና ሰሳ ጥላ ይሰጣሉ፤ ከሥራቸው ማንም ያልተከለው ቡና ቀጥ ብሎ፣ ቅርንጫፉን አሳስቶ ይቆማል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል፤ ከፍ ባሉት ቅርንጫፎች ላይ ቀፎ ይሰቀላል። ኮረሪማና ጥምዝም የሚለቀሙት ከዚሁ ደን ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ከካፋ ጋር በዓለም አቀፍ የሕይወት ክልልነት ሲመዘግበው ስፋቱ 167 ሺህ ሄክታር ያህል ነበር። መካከለኛው ክፍል ሰው እጁን የማያስገባበት ጥብቅ ደን ነው፤ በዙሪያው ገበሬዎች ከጥላው ሥር ቡና የሚለቅሙበት ከፊል ደን አለ፤ ከዚያ ወዲያ ማሳውና መንደሩ ይከተላል።

ይህ ደን ለባለጠመንጃ ሹም የተለየ ዐይነት ሀብት ነበር። የሸዋ ወታደር ያደገው በጤፍና በገብስ፣ በበሬና በሞፈር አገር ነው። እዚህ ግን ቆላው ከደጋው፣ ደኑ ከማሳው ተቀላቅሏል። በቆሎና ማሽላ፣ ጤፍና ጎደሬ የሚመረትበት አገር ቢሆንም ለሩቅ ገበያ የሚወጣው ዋጋ ያለው ነገር ማርና ሰም፣ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ነበር። ከእነዚህ አብዛኞቹ አይበሉም። ወታደሩ የሚቀለበው ገበሬው ከሚያርሰው ነው፤ ገዥው የሚከብረው ግን ከደኑና ከቆላው በሚገኘው ነው። ሁለቱን አጣጥሞ መያዝ የአገር ገዥው ብልሃት ሆነ።

አገሩ እንዴት ተያዘ

በግንቦት 1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን እምባቦ ላይ ድል ሲያደርጉ ከግቤ ማዶ ያለው ምዕራብ ለሸዋ ተከፈተ። ለዚህ ሥራ ዋነኛው ሰው ራስ ጎበና ዳጬ ነበሩ። የምዕራቡ ገዥዎች ሁለት ምርጫ ቀረበላቸው። የለቃ ነቀምቴው ሞሮዳ በከሬና የጅማው አባ ጅፋር ግብር ተቀብለው ሲገቡ የውስጥ አስተዳደራቸው በእጃቸው ቀረ፤ ጅማ እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ በገዛ ባላባቷ ስትተዳደር ቆይታለች። በኢሉ አገር ግን ገዥው ፈታንሳ ኢሉ መሣሪያ አንሥተው ተከላከሉ፤ በተሰማ ናደውም ድል ሆኑ።

ይህ ልዩነት ለሚቀጥሉት ሃምሳ ዓመታት የአገሩን ኑሮ ወሰነ። በሰላም የገባ አገር የተቆረጠለትን ግብር ይከፍላል እንጂ ሠራዊት አይሰፍርበትም። በጦር የተያዘ አገር ግን ሠራዊቱን ይቀልባል። ጅማና ለቃ የመጀመሪያው ዐይነት ሲሆኑ ኢሉባቦር የሁለተኛው ሆነ።

ወቅቱም ሌላ ክብደት ጨምሮበታል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት በሽታ በአገሪቱ ተዛምቶ በሬውን ፈጀው፤ ድርቅና አንበጣ ተከተሉት፤ ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ የሚያስታውሰው ረኃብ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። ባዶ ጎተራ የያዘው የሸዋና የሰሜን ወታደር እህል ወዳለበት ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ጎረፈ። ምኒልክም ወታደሩ በየገበሬው ቤት እየተመራ እንዳይበላ በማለት በ1885 ዓ.ም. ገደማ አሥራት እንዲከፈል ደነገጉ፤ ከአሥር እጅ አንዱ ለሠራዊቱ ጎተራ እንዲገባ ማለት ነው። ቀለብ የአገሪቱ ሁሉ የጦር ጥያቄ እንደነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በሌላ አገር የተሾመ ጦረኛ

ጦረኛ አገር ተሹሞ ሠራዊቱን የሚቀልብበት ሕይወት በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። የጃፓኑ ሳሙራይ ካቶ ኪዮማሳ እ.ኤ.አ. በ1562 ከናጎያ አጠገብ ተወለደ፤ ገና በልጅነቱ የጦር መሪው የቶዮቶሚ ሂዴዮሺ አገልጋይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1583 በሺዙጋታኬ ጦርነት ከታወቁት ሰባት ጦረኞች አንዱ ተባለ። ጌታው ሲገን እሱም ገነነ፤ በ1588 ከኪዩሹ ደሴት የሂጎን ግማሽ ተሾመ። የተሰጠው ግዛት የሚለካው በቆዳ ስፋት አልነበረም፤ በሩዝ ምርት እንጂ። መለኪያው ኮኩ ሲባል፣ አንድ ኮኩ አንድ ሰው በዓመት የሚበላው ሩዝ ያህል ነው። ኪዮማሳ በመጀመሪያ 195 ሺህ ኮኩ፣ በ1600 ከተካሄደው ከሴኪጋሃራ ጦርነት በኋላ ደግሞ ከ500 ሺህ ኮኩ በላይ አገር ያዘ። ጃፓን የጌታን ትልቅነት የምትለካው ስንት ሰው መቀለብ እንደሚችል በማስላት ነበር።

ኪዮማሳ ቀለብ ምን እንደሆነ የተማረው በመከራ ነው። በኮርያ ዘመቻ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1597 መጨረሻና በ1598 መጀመሪያ፣ ኡልሳን በተባለ ምሽግ ተከቦ ሠራዊቱ በረኃብ፣ በጥምና በብርድ አለቀበት። ወደ ግዛቱ ተመልሶ በ1607 የጨረሰውን የኩማሞቶ ግንብ ሲሠራ በግቢው ውስጥ ከመቶ በላይ ጉድጓዶች እንዳስቆፈረ፣ የወለሉን ምንጣፍ እንኳ በክፉ ቀን በሚበላ የጎደሬ ዘመድ ተክል ግንድ እንዳስሞላው ይነገራል። ከ270 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1877፣ የሳይጎ ታካሞሪ ሸማቂዎች ሲከቡት ግንቡ ለሃምሳ ቀን ያህል ሳይደፈር ቆየ።

ኪዮማሳ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1611 ነው። ልጁ ታዳሂሮ ግዛቱን ወረሰ፤ ሆኖም በ1632 የቶኩጋዋ መንግሥት ነጥቆ ለሆሶካዋ ቤት ሰጠው። ስለዚህ በጃፓንም ውርስ ከላይኛው ገዥ ፈቃድ ውጭ አልነበረም። ያም ሆኖ ሆሶካዋዎች ኩማሞቶን ከልጅ ወደ ልጅ እያወረሱ እ.ኤ.አ. እስከ 1871 ድረስ፣ ማለትም የመኳንንት ግዛቶች በአዋጅ እስከፈረሱበት ዓመት፣ ይዘውት ቆዩ። በኢትዮጵያ ግን የጠቅላይ ገዥነት ሹመት ከሹም ሽር አይወጣም። ራሱ ገዥው በሕይወት እያለ ሊዛወር ይችላል፤ ልጅ ቢተካ እንኳ በአዲስ ሹመት እንጂ በውርስ መብት አይደለም። ይህ ልዩነት ገዥው በግዛቱ ላይ በሚተወው ነገር ይገለጣል። ለልጅ ልጁ የሚያቆይ ሰው የድንጋይ ግንብና መስኖ ይሠራል። ነገ ሊሻር የሚችል ሰው በእንጨትና በሣር ይሠራል፤ ከምርቱም የዘንድሮውን ያያል።

ጎሬ፣ የሠራዊት ከተማ

ከያዮ ቀጥሎ ሁሩሙ፣ ከሁሩሙ ቀጥሎ መቱ ይገኛሉ። መቱ በሶር ወንዝ አጠገብ ያለች የንግድና የትምህርት ከተማ ናት። በደርግ ዘመን የኢሉባቦር ዋና ከተማነት ከጎሬ ወደ እርሷ ተዛወረ፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት። የሶር ፏፏቴ ከከተማዋ ብዙ ሳይርቅ ከጥቅጥቅ ደን መካከል ይወረወራል። ጎሬ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ ትርቃለች፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች።

መቱና ጎሬን አከታትሎ ያየ ሰው የሁለቱን ልዩነት ያስተውላል። መቱ ወንዝና መንገድ የሚገናኙበት የገበያ ቦታ ናት። ጎሬ የኮረብታ ከተማ ናት፤ ዙሪያውን ታያለች፤ ከወባው ቆላ ከፍ ብላለች፤ ወደ ባሮ የሚወርደውንም በር ትጠብቃለች። የምኒልክ ሹማምንት ከተማ የሚቆረቁሩት እንዲህ ባለ ቦታ ነበር። ከላይ የገዥው ግቢና እልፍኝ፣ አዳራሹና ጎተራው ይሆናል፤ አጠገቡ ቤተ ክርስቲያን ይተከላል፤ በየተዳፋቱ ወታደሩ በየአለቃው ሥር ይሰፍራል። ገበያው ዝቅ ብሎ ይቆማል። ይህ የአሰፋፈር ሥርዓት የሠራዊት ድንኳን አተካከል ነው፤ ልዩነቱ በድንኳኑ ፈንታ ጎጆ መቆሙ ብቻ ነው። አዲስ አበባም በራስ ብሩ ሰፈር፣ በደጃች ውቤ ሰፈር፣ በሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር ስሞች ይህንኑ አመጣጥ ትመሰክራለች።

ሠራዊቱ ደሞዙን በገንዘብ አይቀበልም ነበር። በደሞዝ ፈንታ ገባር ይሰጠዋል። እንደ ማዕረጉ ለተራው ወታደር ጥቂት፣ ለሃምሳ አለቃውና ለመቶ አለቃው ከዚያ የበለጠ፣ ለሻለቃውና ለፊታውራሪው ደግሞ ብዙ ገባር ይመራል። በዚህ ስሌት የግዛቱ መለኪያ አባወራ ሆነ፤ ጃፓን ሩዝ ስትቆጥር ኢሉባቦር ሰው ቆጠረች ማለት ነው። ገባሩ እህልና ማር በጉንዶ ይሰጣል፤ እንጨት ይለቅማል፤ አጥር ያጥራል፤ ቤት ይሠራል፤ የወታደሩን ማሳ ያርሳል፤ ዘመቻ ሲሆን ስንቅ ይሸከማል። ሚስቱም ለወታደሩ ቤት እህል ትፈጫለች። የቀድሞው ባላባት ከመሬቱ ሲሶው ሲቀርለት በገዥውና በሕዝቡ መካከል ቆሞ ግብሩን ያስገባል።

ይህ ሥርዓት ለገዥው ርካሽ፣ ለገበሬው ውድ ነበር። ገዥው ከግምጃ ቤቱ አንዲት ብር ሳያወጣ በሺህ የሚቆጠር ጠመንጃ ያቆማል። ገበሬው ግን የሚከፍለው መጠን በሕግ የተወሰነ ስላልሆነ ወታደሩ በጠየቀው ልክ ይሄድበታል። ከዝቅተኛው ቆላ የሚኖሩት መዠንገርና አኝዋ ደግሞ ከገባርነትም በላይ የባርያ ፈንጋይ ወረራ ይደርስባቸው ነበር። በጎሬ ገበያ ላይ ማርና ቡና በሚሸጥበት ዘመን ሰውም ይሸጥ እንደነበር ሳይነገር የሚታለፍ አይደለም።

የገዥው የራሱ ገቢ በአብዛኛው ከደንና ከቆላ ይመጣል። ዝሆን የገደለ አዳኝ ከሁለቱ ጥርሶች አንዱን ለመንግሥት ያስገባል። ዝባድ በቀንድ ተሞልቶ፣ ቡና በፈረሱላ ተመዝኖ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። መንገዱ የሳምንታት ጉዞ ነበር፤ በቅሎና ተሸካሚ ይበላዋል። በዚህ ምክንያት የኢሉባቦር ቡና ለረጅም ጊዜ ብዙ ዋጋ አልነበረውም። ከደኑ ወዲህ ያለው ገበያ ሩቅ ነው፤ ከደኑ ወዲያ ያለው ወንዝ ግን ቅርብ ነበር።

እስከ ነጭ ዓባይ

በ1889 እና በ1890 ዓ.ም. የአውሮፓ መንግሥታት ዓይን በላይኛው ዓባይ ላይ ነበር። እንግሊዞች ከግብጽ በኩል ወደ ሱዳን ይገፋሉ፤ ፈረንሳዮች ሻምበል ማርሻንን ከምዕራብ ልከው ፋሾዳ እንዲደርስ ያስባሉ፤ ከምሥራቅም በኢትዮጵያ በኩል የሚያግዘው ሌላ ቡድን ላኩ። በማርኪ ደ ቦንሻን የሚመራው ይህ ቡድን በጎሬ በኩል ወደ ባሮ ወረደ። ቆላው ግን አልተቻለም፤ ረግረግ፣ ወባና የስንቅ እጥረት አንድ ላይ መጡበት፤ ጀልባም አልነበረውም። በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ነጭ ዓባይን ሳያይ ተመለሰ።

ምኒልክ በዚያው ዓመት ወሰናቸውን ለማስከበር በየአቅጣጫው ሠራዊት አሰማሩ። ራስ መኰንን ወደ ቤኒ ሻንጉል፣ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ወደ ቦረና ሲሄዱ፣ ያን ጊዜ ደጃዝማች የነበሩት ተሰማ ናደው ወደ ነጭ ዓባይ ታዘዙ። ከቦንሻን ቡድን ፌቭርና ፖተር የተባሉ ሁለት ሰዎች፣ እንዲሁም ሩሲያዊው ኮሎኔል ሊዮኒድ አርታሞኖቭ ከሁለት ኮሳኮች ጋር አብረዋቸው ሄዱ።

ከጎሬ ወደ ባሮ መውረድ ዛሬም ቢሆን አገር መለወጥ ነው። መንገዱ በቡሬ በኩል ከ2,000 ሜትር ተነሥቶ 500 ሜትር ገደማ ወዳለችው ጋምቤላ ይወርዳል። ብርዱና ጭጋጉ ከኋላ ይቀራሉ፤ ቡናው ያልቃል፤ ረጅም ሣርና ሜዳ ይጀምራል። ለደጋ ሠራዊት ይህ መውረድ ከቀለቡ መለየት ነበር። ከኋላው የሚቀልበው ገባር አለ፤ ከፊቱ ግን ጎተራ የለም። በቅሎው በዝንብ፣ ሰው በወባ ይወድቃል። ዋናው ሠራዊት በበሽታ ደክሞ ወደ ኋላ ሲቀር አንድ የተመረጠ ክፍል ቀጠለ፤ በሰኔ 1890 ዓ.ም. ሶባት ነጭ ዓባይ ውስጥ ከሚገባበት ቦታ ደረሰ። የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ከወንዙ ዳር ተተከለ። የፈረንሳይን ባንዲራ ደግሞ አርታሞኖቭና ሁለቱ ኮሳኮች አዞ በሚበዛበት ውኃ ዋኝተው ደሴት ላይ አቆሙት።

ማርሻን ያልተገኘው ገና ስላልደረሰ ነው። ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በሐምሌ መጀመሪያ፣ ከሶባት አፍ ወደ ሰሜን ካለችው ፋሾዳ ገባ። የተሰማ ሰዎች ግን ሊጠብቁት አይችሉም ነበር። ክረምቱ ሜዳውን ከመዋጡ በፊት ወደ ደጋው መመለስ ነበረባቸው፤ ፖተርም በመልሱ መንገድ ተገደለ። በነሐሴ መጨረሻ የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ኪችነር የሱዳን ማሕዲስቶችን ሠራዊት ኦምዱርማን ላይ አሸንፎ በመስከረም 1891 ዓ.ም. ፋሾዳ ደረሰ፤ ፈረንሳዮች ከጥቂት ወራት በኋላ ለቀው ወጡ። የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ የተተከለበት የነጭ ዓባይ ዳርም በእንግሊዞች እጅ ቀረ።

ዘመቻው በጠላት አልተሸነፈም። ያቆመው የስንቅ ወሰን ነው፤ ገባር ከማይገኝበት አገር ገባር የለመደ ሠራዊት ሊሰነብት አይችልም። ዛሬ የምዕራብ ኢትዮጵያ ወሰን በባሮና በአኮቦ አካባቢ መቅረቱ የዲፕሎማሲ ውጤት ቢሆንም፣ ከሥሩ ይህ የቀለብ ጉዳይ አለበት።

ጋምቤላና የቡናው መንገድ

ያ ዘመቻ ያልያዘውን ወንዝ ንግድ ከፈተው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ምኒልክና እንግሊዝ በተዋዋሉት የወሰን ስምምነት እንግሊዞች በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲያቆሙ ተፈቀደላቸው፤ ጋምቤላ በዚህ መሠረት የሱዳን መንግሥት የሚያስተዳድራት ወደብ ሆነች። ክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባ ከካርቱም ጋምቤላ ይደርሳል። ጨው፣ አቡጀዲና የብረት ዕቃ ያራግፋል፤ ቡና፣ ሰም፣ ቆዳና ጎማ ይጭናል። በበጋ ወንዙ ስለሚጎድል ጀልባ አይመጣም፤ ነጋዴው ከጎሬና ከሳዮ ያወረደውን ቡና ጎተራ አስገብቶ ዝናብ ይጠብቃል።

በዚህ የደኑ ቡና ዋጋ አገኘ። ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ሶርያውያንና ሌሎች ነጋዴዎች ጎሬ ገቡ፤ በኋላም የእንግሊዝ ቆንስላ ተከፈተባት። ከተማዋ ከሠራዊት ሰፈርነት ወደ ንግድ ከተማነት ማደግ ጀመረች። የገባሩ ግዴታም ዐይነቱ ተለወጠ። ቀድሞ እህል የሚፈጭለት ወታደር አሁን ቡና እንዲለቀምለት፣ እስከ ቆላው ጫፍም እንዲጫንለት ፈለገ። ለጦረኛው ትውልድ ገባር ቀለብ ነበር፤ ለተከታዩ ትውልድ ገባርና የቡና መሬት የገንዘብ ምንጭ ሆኑ።

ከጎሬ ወደ እንደራሴነት

አገር ገዥ ዓመቱን ሁሉ በግዛቱ አይቀመጥም ነበር። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1635 የወጣ ሕግ መኳንንቱ እየተፈራረቁ በመንግሥቱ መቀመጫ በኤዶ እንዲኖሩ፣ ቤተሰባቸውም እዚያው እንዲቀር ያዝዝ ነበር። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ሕግ ባይኖርም ውጤቱ ተቀራራቢ ነው። ትልልቆቹ ሹማምንት በአዲስ አበባ ግቢና ሰፈር አላቸው፤ ለደጅ ጥናትና ለግብር ይመጣሉ፤ አገሩን ምስለኔ ይጠብቀዋል። ከንጉሡ ዓይን የራቀ ሹም ከሹመቱም መራቁ አይቀርምና ጎሬን ለማቆየት አዲስ አበባ መገኘት ያስፈልግ ነበር።

ተሰማ ናደው ራስ ከተባሉ በኋላ የምኒልክ ጤና እየታወከ ሄደ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ልጅ ኢያሱ ሚካኤል አልጋ ወራሽ፣ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ባለሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ተባሉ። ኢያሱ ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበሩ። አዋጁ ቃሉን የሚያፈርሰውን የሚረግም ነበር። ሆኖም ምኒልክ ታመው ተኝተው ስለነበር የመንግሥቱ ሥራ በእቴጌ ጣይቱ እጅ ገብቶ ሹመትና ሽረት ከእርሳቸው ይወጣ ጀመር። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት ተባብረው እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አገለሉ፤ ተሰማም የእንደራሴነቱን ሥልጣን በእጃቸው አስገቡ።

ይህ ሥልጣን ከዓመት ብዙም አልዘለለም። ራስ ቢትወደድ ተሰማ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሞቱ፤ ተመርዘው ነው የሚል ወሬ በከተማው ተሰማ። ምትክ እንደራሴ አልተሾመም። ብዙም ሳይቆይ ራስ አባተ ቧ ያለው የመሣሪያ ግምጃ ቤቱን ለመያዝ ሞክረው ከሸፈባቸው። ኢያሱ በስማቸው መግዛት ቀጠሉ፤ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. አረፉ፤ ኢያሱም በመስከረም 1909 ዓ.ም. ተሻሩ። አገር ለመያዝ የሚበቃው ብልሃት ቤተ መንግሥት ለመያዝ አልበቃም። በጎሬ ተሰማ የቀለቡ ባለቤት ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ግን እያንዳንዱ መኰንን የራሱን ወታደር ከራሱ ገባር እየቀለበ ስለሚኖር እንደራሴው ሊያዝዙት የሚችሉት ፈቃደኛውን ብቻ ነበር።

ከተሰማ በኋላ

ኢሉባቦር ከዚያ ወዲህ ከሹም ወደ ሹም ተላለፈ፤ ከገዥዎቹ መካከል ራስ ናደው አባ ወሎ ይታወሳሉ። አገሪቱም የመኳንንቱን ሥልጣን ወደ መሃል ለመሰብሰብ ስታስብ ዓይኗን ወደ ጃፓን አቀናች። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነበር። በማግስቱ ዓመት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎበኙ፤ ያዩትንም ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን በተባለ መጽሐፍ አስነበቡ። ጃፓን ሳሙራዮቿን በአዋጅ ከግዛት አስነሥታ ደሞዝተኛ ሠራዊት ማቆሟ ለኢትዮጵያውያን ምሁራን ትልቅ ትምህርት ነበር።

ጎሬ የመጨረሻውን የፖለቲካ ሚናዋን የተጫወተችው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሲሰደዱ መንግሥቱ በስም ጎሬ ላይ ቆየ፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ሲመሩት ራስ እምሩም እዚያው ደረሱ። የተመረጠችበት ምክንያት ተሰማ ከመረጡበት ብዙ አይለይም፤ በኮረብታና በደን የተከበበች ናት፤ ጋምቤላም ለውጭው ዓለም በር ትሆናታለች። ጣሊያኖች በኅዳር 1929 ዓ.ም. ያዟት፤ የጎሬውን ጳጳስ አቡነ ሚካኤልንም ረሸኑ።

የገባሩ ሥርዓት ከነጻነት በኋላ በ1930ዎቹ የግብር አዋጆች ተሻረ፤ ወታደር ደሞዝ በገንዘብ ይቀበል ጀመር። መሬቱ ግን በቀድሞዎቹ ባለሥልጣናትና በልጆቻቸው ስም ስለቀረ የትናንቱ ገባር ጭሰኛ ሆነ፤ ከቡናውም ለባለመሬቱ ማካፈሉን ቀጠለ። ይህ የቆየው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ እስኪወጣ ነው። ጋምቤላ በበኩሏ ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ ሙሉ በሙሉ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰች፤ የወንዙ ንግድ እየተዳከመ ሄዶ ቡናው ፊቱን ወደ በደሌና ጅማ፣ ወደ አዲስ አበባም መንገድ መለሰ።

በኩማሞቶ የካቶ ኪዮማሳ የድንጋይ ግንብ እ.ኤ.አ. በ2016 የመሬት መንቀጥቀጥ ቢጎዳውም እየተጠገነ ይጎበኛል። በኢሉባቦር ተሹሞ የሚሻር ገዥ ያቆየው ሌላ ነገር ነው፤ ኮረብታ ላይ የተመሠረተች ከተማ፣ ከደጋ ወደ ባሮ የሚወርድ የንግድ መስመር፣ በየቤተሰቡ የሚተረክ የገባርነት ትዝታ። ከእርሱ ዘመን በፊት የነበረውና ከእርሱም በኋላ የቀጠለው የያዮ ደን ነው። ዛሬ የያዮ ቡና ለቃሚ ምርቱን በማኅበሩ በኩል ወይም ለነጋዴ ሸጦ ገንዘቡን ለራሱ ይይዛል፤ የሚያሳስበውም የቡና ዋጋ መውጣትና መውረድ፣ የዝናቡ መዛባትና ከደኑ ጥላ ምን ያህሉ ይመንጠር፣ ምን ያህሉ ይጠበቅ የሚለው ጉዳይ ነው።